ቀዳዳ የማይፈራ እጅ

ጥቅምት 12

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ከተለያየን ወዲህ ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የሚያስቸግረኝ ናፍቆት ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ ሲበዛ ይቀለኛል።

ደብዳቤውን በብየዳ ቤትዎ አድራሻ የምልከው ስልክ አጥቼ አይደለም። ለእርስዎ ስደውል ግማሹን የግራይንደሩ ጩኸት ይበላዋል። ቤት ስደውል ደግሞ ከእናቴ ጋር የምናወራው ስለ አየሩና ስለ ምግቤ ነው፤ ብየዳ የሚባል ቃል ከአፌ ከወጣ ስልኩ ይቋረጣል። ስለ ብረት የማወራው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎትና ይታገሡኝ።

ብየዳ የምንማርበት አዳራሽ ረጅም ነው። ግራና ቀኙ በትንንሽ ክፍል ተከፋፍሎ በእያንዳንዱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ከጣሪያው የሚወርድ ቱቦ ጭሱን እየሳበ ያወጣዋል። እኛ ግቢ ጭሱን የሚስበው የሰዉ አፍንጫ መሆኑን ለማንም አልነገርኩም። ሴቶቹ ሁለት ነን። ከጎኔ ያለችው የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ እሷም እንደኔ ከሌላ አገር የመጣች ስለሆነች ቋንቋው ሲያቅተን በእጃችን እናወራለን። መምህራችን ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ቃል የሚወጣው እየተቆጠረ ስለሆነ በልቤ "ቆጣቢው" ብዬዋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን የሆነውን ልንገርዎት። ሁለት ወፍራም ላሜራ ሰጥቶን አያይዙ አለን። ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩ። ከዚያ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ግራይንደር አንስቼ የብየዳውን ስፌት ሞረድኩት፤ ጣት ቢዳብሰው መጋጠሚያው የት እንደሆነ እስከማያውቅ ድረስ አለሰለስኩት። የግቢያችን ቀለም ቀቢ ቢኖር ስቱኮ መለጠፍ ቀረልኝ ብሎ ይስመኝ ነበር። ቆጣቢው መጣ፣ አገላበጠው፣ እኔን አየኝና ቁርጥራጭ ብረት የሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ ወረወረው። አዳራሹ በሙሉ ሰማ። "ያየሁት ግራይንደርሽን ነው፤ ብየዳሽን አላየሁም" አለኝ። እዚህ አገር ስፌት ከሚቀልጠው ዘንግ፣ ከኤሌክትሮዱ፣ እንደወጣ ነው የሚታየው፤ የሚደብቀው የሚደበቅ ነገር ያለው ሰው ነው።

እሱስ ይለመዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ፈተናው ነው። ሁለት ወፍራም ላሜራ መሃላቸው ክፍተት ተትቶ በቁም ይታሰራሉ፤ ከታች ወደ ላይ እየወጣን እንበይዳቸዋለን። ከዚያ ከመጋጠሚያው ላይ ቁራጭ ቁራጭ ይወጣና በመጭመቂያ ማሽን ይቆለመማል። ስፌቱ ከተከፈተ መውደቅ ነው። ዕድላችን ሦስት ነው፦ ኅዳር መጨረሻ፣ የካቲት፣ ግንቦት። የአገሩ ልጅ ሦስቴም ቢወድቅ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ግን ከትምህርቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሦስተኛውን ከወደቅኩ ሻንጣዬን መሸከም ነው።

ጋሼ፣ የሄድኩ ዕለት እናቴ ጓዳ ውስጥ ያለችዎትን ሰምቻለሁ። "ልጄን ብረት ልታስቀጠቅጥ ባሕር አሻግረሃታል፤ ባዶ እጇን ከተመለሰች ግን እህት አለኝ እንዳትል" ነበር ያለችዎት። አልሰማችም ብለው እንዳያስቡ ብዬ ነው የማነሳው።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቀለም ቀቢውን ሰላም ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔም፣ ግቢውም፣ ማሽኑም በጤና አለን። ማሽኑ እንደ ወትሮው ሲሞቅ ያኮርፋል፤ እኔም እንደዚያው።

ደብዳቤሽን ለቀለም ቀቢው አነበብኩለት፤ በርሜሉ ጋ ስደርስ መሰላል ላይ ሆኖ ሲስቅ ሊወድቅ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያ ሰውዬ የወረወረው ያንቺን ብረት ብቻ አይደለም፤ የኔንም ዕድሜ ነው። የኔን በር ሰው በእጁ ዳብሶ ነው የሚገዛው። ክሩ በውጭ የሚታይ ልብስ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይህን ከእኔ የተላከ ነው ብለሽ ንገሪው። ወይም ተዪው፣ አትንገሪው። ቤቱ የሱ ነው፤ እንዳለሽ አድርጊ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሁለት ብረት መሃል ክፍተት ትቶ መበየድ ምን የሚሉት ጉድ ነው? እኛ ግቢ ክፍተት የሚተወው ለክቶ መቁረጥ ያቃተው ሰው ነው። አደራሽን፣ ቀዳዳ እንዳታወጪ። በቀጭኑ የቱቦላሬ ብረት ላይ እሳቱን አዘግይቶ ቀዳዳ ያወጣ ሰው እዚህ ምን እንደሚባል ታውቂዋለሽ፤ አንቺም ስትጀምሪ ሳምንቱን ሙሉ "ወንፊት" ተብለሽ በስተመጨረሻ እጅሽ ፈጠነ። ፈጣን እጅ ቀዳዳ አያውቅም። ይህን አጥብቀሽ ያዢ።

እናትሽ ደህና ናት።

ለቀለም ቀቢው ጓንት ብታገኚ ላኪለት፤ የአሁኑ ጓንት ጣቶቹን ማሳየት ጀምሯል። ለኔ ምንም አልፈልግም።

የወጣሽበት መንገድ ይቅናሽ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 6

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ቤተሰቡስ፣ ግቢውስ? እኔ በጤና በኩል የሚወራ የለኝም፣ ደህና ነኝ። በሥራ በኩል ግን ወድቄያለሁ።

የመጀመሪያው ፈተና ባለፈው ሳምንት ነበር። ከላይ ሲያዩት ስፌቴ ከሁሉም ያምር ነበር፤ ሳልሞርደው ነው እንዲያ ያማረው። ከዚያ ቁራጩን መጭመቂያው ላይ አስተኙትና ሁላችንም ከብበን ቆምን። ገና ግማሽ ሳይቆለመም ጠቅ አለ። አንስቶ ሲያሳየኝ ከሥሩ ቀጭን መስመር አለ፤ ሁለቱ ላሜራዎች ከታች በኩል ጭራሽ አልተዋወቁም። እኔ ከላይ አልብሻቸው ነበር እንጂ አላጋባኋቸውም።

ቆጣቢው በዚያን ዕለት ሳይቆጥብ ብዙ አወራ። እሳቱ ወደ ላይ ሲወጣ ፊት ለፊቱ ትንሽ ቀዳዳ መክፈት አለበት። ያ ቀዳዳ የሁለቱንም ብረት ጠርዝ እየበላ ይሄዳል፣ እኛ ከኋላው እየሞላን እንከተለዋለን። ቀዳዳው ከሌለ ሥሩ አልተያያዘም ማለት ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። እጄ ግን ቀዳዳውን ሲያይ ሳላዘው ይሮጣል። "ወንፊት" የሚለውን የቀለም ቀቢውን ሳቅ ባሕር ተሻግሮ እሰማዋለሁ። መጋጠሚያውን አልብሼ አልፌ ነው የማስታውሰው።

ጋሼ፣ በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እንጂ አንድ ነገር ልበል። ቀዳዳ ጠላት ነው ያሉኝ ለቀጭን ብረት እውነት ነው። ለወፍራም ብረት ግን ተሳስተዋል።

ጓንቱን ወደዚያ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። እናቴን "ደህና ናት" ብለው በአንድ መስመር አልፈዋታል። ሌላ ጊዜ ስለ ማሽኑ ኩርፊያ እንኳን ከዚያ በላይ ይጽፉ ነበር።

በጤና ያቆይልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 27

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምታዬን ተቀብለው መልስ ይስጡኝ ብዬ ልጀምር። ከታኅሣሥ ወዲህ አንድ ቃል አልጻፉልኝም። ፖስታ ይጠፋል ይሉ ይሆናል፤ ጓንቱን ያመጣልዎት ሰው ግን ደብዳቤዬን በእጅዎ እንደያዙ እንዳገኘዎት ነግሮኛል።

ሁለተኛውንም ወደቅኩ። ከቁራጮቹ አንዱ እስከ መጨረሻው ተቆልምሞ ጸና፤ ሌላው ተከፈተ። ከጎኔ ያለችው አለፈች። አቅፌ ሳምኳት፣ አጨበጨብኩላት፣ ከዚያ መጋረጃዬን ዘግቼ ማስኬን አወረድኩና አለቀስኩ። ማስክ ለዚህም ይመቻል፤ ማሽኑን ካስነሱ ማንም አይጠይቅም።

አሁን የቀረኝ የግንቦቱ ብቻ ነው። ማታ ማታ እናቴ ስትደውል በልቻለሁ፣ ሞቆኛል፣ ተኝቻለሁ እላታለሁ። ሦስቱም ውሸት ነው።

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" ብለው ተቀይመውኝ ይሆናል። የተናገርኩበት መንገድ ካስቀየመዎት ይቅር ይበሉኝ፤ እግርዎ ላይ ወድቄ እንደለመንኩ ይቁጠሩት። ያልኩትን ግን መመለስ አልችልም። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ብረቱ ነው።

የሚያጽናና ነገር እንዲጽፉልኝ አልፈልግም። ይቆጡኝ፣ ብቻ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 29

ለልጄ፤

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ለመጻፍ የዘገየሁት ግን ደህና ስላልነበርኩ ነው።

የታኅሣሡ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ያልሽው ተረት ነው አፌ ላይ የመጣው፤ ለቀለም ቀቢውም ተናገርኩት። ተቀይሜሻለሁ። ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ ስዞር ከረምኩ፤ ላቃጥለው አወጣለሁ፣ አንብቤው እመልሳለሁ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ። "ብረቱ ነው ያለው" የሚለው ጋ ስደርስ ተነሣሁ። ከሰው ጋር እከራከራለሁ፣ ከብረት ጋር ግን ተከራክሬ አላውቅም።

አሮጌ ብረት የሚሸጥበት ሄጄ ከጭነት መኪና የተቆረጠ ወፍራም ላሜራ አገኘሁ። እንዳልሽው ክፍተት ትቼ በቁም ሞርሳ ላይ አሰርኩት። ደብዳቤሽን እሳት የማይደርስበት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ጀመርኩ፣ ቀዳዳው ተከፈተ፤ እጄ ሮጠ። የኔ እጅ ነው ያልኩሽ። ቆሜ አየሁት። አንቺ ላይ የቀረ ፍርሃት የት እንደ ተወለደ ያኔ ገባኝ፤ ስጮህብሽ የነበርኩት ለካ እኔም እየፈራሁ ነው።

በሁለተኛው እጄን በግድ አቆምኩት፤ ቀዳዳው ሰፍቶ በር ሆነ። ቀለም ቀቢው በገዛ ግቢዬ ወንፊት አለኝ። ሰውዬው ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው። የሰው መስኮት ሥራ ቆሞ፣ ደንበኛ እየተቆጣ፣ እኔ ቁራጭ ብረት ስበሳ ሰነበትኩ። እጄን እንደ አዲስ ጀማሪ ገሠጽኩት።

አሁን ያገኘሁትን ልንገርሽ፤ በደንብ ስሚኝ። እሳቱን አትዪ፣ የቀዳዳውን የላይኛ ከንፈር እዪ። ትንሽ ሲከፈት እዚያው አትቆዪ፤ ወደ ኋላ ጥቂት ውረጂ፣ ሙዪ፣ ተመልሰሽ ውጪ። ከሁሉ በላይ ግን ድምፁን አድምጪ። ሥሩ ሳይያያዝ ሲቀር እሳቱ የሚጮኸው ወዳንቺ ነው። ቀዳዳው ልክ ሲሆን ድምፁ ወደ ኋላ ያልፋል፣ ከላሜራው ማዶ እፍ የሚል ሰው ያለ ይመስላል። ያ እፍታ ካልጠፋብሽ አትሳሳቺም። ዓይንሽ ከፈራ በጆሮሽ በይጂ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የበየድኩትን ሞርሳ ላይ አስሬ በትልቁ መዶሻ ቀጠቀጥኩት። ታጠፈ እንጂ አልተከፈተም። ቀለም ቀቢው ወንፊት ማለቱን ተወ፤ እሱን ማስተው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የግቢውን ሕግ ሽሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ ወፍራም ብረት ላይ ወንፊት የሚባለው ቀዳዳ የፈራ ሰው ነው።

የእናትሽን ጠይቀሽኝ ነበር። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ግቢዬን አልረገጠችም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ጤና ይስጥልኝ ብላ ታልፋለች፣ ለባዳ እንደሚባለው። እህቴ ናት፤ በአንድ ትራስ ነው ያደግነው፤ ያመኛል። የነገርኩሽ እንድትሸበሪበት አይደለም። ብትወድቂም ልጄ ነሽ፣ ብትመለሺ ማሽንሽ አጠገቤ ይጠብቅሻል። እሷን ደግሞ እኔ እችላታለሁ። አልችላትም፣ ግን ያ የኔ ጉዳይ ነው።

ጓንት አትላኪ፣ ምንም አትላኪ። ወሬሽን ብቻ።

እጅሽን ይባርከው።

አጎትሽ


ግንቦት 30

ይድረስ ለአጎቴ፣ ለመምህሬ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ አልቻልኩም። ጋሼ፣ አልፌያለሁ!

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርዎት። ፈታኙ ከውጭ የመጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰውዬ ነበር፤ እኔን አያውቀኝም፣ ሁለት ጊዜ መውደቄንም አያውቅም፤ ይኸ ለኔ ጥሩ ነበር። መጋረጃውን ዘጋሁ። ላሜራዎቹን በቁም አሰርኩ። እሳቱን ስለኩሰው ወዲያው ቀዳዳው ተከፈተ፣ እጄም እንደ ለመደው ሊሮጥ ተነሣ። ያዝኩት። ዓይኔ የሚያየውን ትቼ አደመጥኩ። መጀመሪያ ወደኔ ይጮህ ነበር። ጥቂት ወረድኩ፣ ሞላሁ፣ ተመለስኩ፤ ከዚያ ድምፁ አለፈ። ከማዶ እፍ አለ። እርስዎ ከላሜራው ጀርባ የቆሙ መሰለኝና ሳቅሁ። በማስክ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅሁ ወጣሁ።

መሃል ላይ ኤሌክትሮዱ አለቀ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሌላ ተክቶ ሲጀምር፣ መገናኛው ላይ ነው። ከቆምኩበት ዝቅ ብዬ ለኮስኩና እፍታው እስኪመለስ ታገሥኩ። ተመለሰ። እስከ ላይኛው ጫፍ ድረስ አብሮኝ ወጣ።

ቁራጮቹ ተቆርጠው መጭመቂያው ላይ ሲተኙ ማየት አልቻልኩም፤ ከጎኔ ያለችውን ትከሻዋን ይዤ ወለሉን አየሁ። ማሽኑ ወረደ። ጠቅ አላለም። ሁለተኛውም ወረደ። ምንም ድምፅ የለም። ቀና ስል ቆጣቢው ሁለቱንም አንሥቶ የታጠፉበትን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ነበር። እጄ ላይ አስቀመጣቸውና ምን ተለወጠ ብሎ ጠየቀኝ። አጎቴ ቀዳዳ እንዳልፈራ ፈቀደልኝ አልኩት። ቆጣቢው ራሱን ነቅንቆ፣ "ለአጎትሽ አመሰግናለሁ በዪልኝ፤ እኔ ዓመቱን ሙሉ ያቃተኝን ነው ያደረገው" አለ። ይህን ሁሉ ቃል በአንድ ትንፋሽ ሲያወጣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ዞሮ አየው።

ከሰኔ ጀምሮ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንከር የሚሠራ ድርጅት ቀጥሮኛል፤ ፈቃዴም በሥራው ይታደሳል። ደስታው እንዴት እንደሚያደርገኝ መጻፍ አልችልበትም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መንገድ ላይ ስሄድ የማላውቀው የድልድይ አጥር ጋ እየቆምኩ ብየዳውን እዳብሳለሁ።

ለእናቴ በዚያው ዕለት ደወልኩ። ብየዳ ተፈትኜ አለፍኩ አልኳት፤ ቃሉን ጠራሁት። ስልኩ አልተቋረጠም። እሳቱ ዓይንሽን አይጎዳም ወይ አለችኝ። ጥቁር መስታወት አለው አልኳት። በጥቁር መስታወት ውስጥ ምን ይታያል አለችኝ። ይህን በስልክ እንዴት ብዬ ልንገራት? አቃተኝና አጎቴን ጠይቂው አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

እድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ገና ብዙ አብረን እንበይዳለን።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 16

ለልጄ፣ ለኩራቴ፤

ደብዳቤሽን ለቀለም ቀቢው ማንበብ ጀምሬ መጨረስ አልቻልኩም፤ ተቀብሎኝ እሱ ጨረሰው። ሁለት ሽማግሌዎች ግራይንደሩን ሳናጠፋው ቆመን አለቀስን፤ የሚያልፍ ሰው ምን እንዳለ አላውቅም። ለመምህርሽም ከኔ እግዜር ይስጥልኝ በዪው፤ የበርሜሉን ነገር ትቼለታለሁ።

አሁን ያልጠበቅሽውን ልንገርሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መስኮት እየሠራሁ ቀና ስል እናትሽ የግቢው በር ላይ ቆማለች። የክት ልብሷን ለብሳለች። ቀለም ቀቢው መሰላሉን ትቶ ወደ ጓሮ ጠፋ፤ ጎበዝ ነው፣ ሲያስፈልግ መጥፋት ያውቃል። እኔም ማሽኑን አጠፋሁ። እሷ ግን ሰላምም አላለችኝ። "ልጄ ሥራዋ ይኸ ነው ብላኛለች" አለች። "አሳየኝ።"

የተሻለውን ማስክ መርጬ አጠለቅኩላት። ሰፋት፤ ከኋላ ጠበቅ አደረግኩላትና ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም። ሁለት ወፍራም ላሜራ በቁም አሰርኩ። ቀዳዳውን እዪ፣ እሱን ተከተዪ፣ ሌላ ምንም አትዪ አልኳት። ለኮስኩ። ኤሌክትሮዱ እስኪያልቅ ድረስ ከታች እስከ መሃል ወጣሁ። እጄ ጥሩ ነበር፤ እንዲያ ሆኖልኝ አያውቅም።

ማስኬን ገልጬ ስዞር የሷ አልተገለጠም። እንደዚያው ማስክ ውስጥ ሆና ቆማለች። ከዚያ ከውስጥ፣ እሷም እንዲህ ታደርገዋለች ወይ አለችኝ። ከኔ ትበልጣለች፣ እኔም ከእሷ ነው የተማርኩት አልኳት። እውነቴን ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ እዋሻለሁ።

"እንዲህ ያለ ብርሃን ውስጥ ነው የምትውለው?" አለች። መልስ የምትፈልግ አልመሰለኝም። ቀጥላ ደግሞ፣ ማስኳን ሳትገልጥ፣

"ድገመው፣ ወንድሜ" አለችኝ።

ደገምኩላት። የኤሌክትሮዱ ፓኬት እስኪያልቅ ድረስ ደገምኩላት።

አጎትሽ